በሩን ክፈቱለት

ነገሩ የሆነው በምርጫ ቅስቀሳ ሰሞን ነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ምናልባት ያነበው ይሆናል ብዬ ነው፤ ፊት ለፊት ልነግረው ወኔው የለኝም።

ፒክአፕ መኪናዬን እያከራየሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን ላዩ ላይ ሞንታርቦ ጭኜ፣ ጎኑ ላይ የተወዳዳሪ ፎቶ ለጥፌ ቅስቀሳ ላይ እሠራ ነበር። ተወዳዳሪውን ዮናስ ልበለው፤ ስሙን ቀይሬዋለሁ፣ እሱ ግን ራሱን ያውቃል። የሶፍትዌር ድርጅት አቋቁሞ ተሳክቶለት ሳለ፣ ሥራውን ለሌሎች ትቶ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው። መንግሥት እንደልቡ ብር ማተም የለበትም፣ ድሃ ያጠራቀመው ብር አቅሙን እያጣ ነው፣ አሠራሩ ይለወጥ ይላል።

በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንተ እለዋለሁ። “ኢንጂነር፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ውሃና መንገድ ነው። ስለ ብር ማተም ማን ይሰማሃል?” ስለው ይስቃል።

ንግግሩ በፍላሽ ተቀድቷል። እሱ ከስብሰባ ስብሰባ ሲሮጥ፣ እኔ ብቻዬን ድምፁን ለቅቄ ከኢምፔሪያል ገርጂ፣ ከገርጂ ቦሌ ስዞር እውላለሁ። መሃል ላይ እንዲህ ይላል፦ “አንዲት እናት አውቃለሁ። ለልጇ ሁለት ክፍል ቤት ልትሠራላት ዕድሜዋን ሙሉ ቆጠበች። በመጨረሻ ብሩ የገዛላት የግቢ በር ብቻ ነው።”

ፖለቲከኛ መቼም እናት አያጣም ብዬ፣ ፈጠራ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኩት።

“እውነተኛ ናት እንጂ ጋሼ! ሥራ የጀመርኩት እሷ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ኮምፒውተር ነው። እራቴን ሳትሰጠኝ አትተኛም ነበር። ቤቷ እዚሁ ገርጂ ነው። ምርጫው ይለፍ እንጂ አብረን ሄደን እንጠይቃታለን።”

በዚያው ሳምንት በገርጂ አንድ ጠባብ መንገድ ሳልፍ፣ ሰማያዊ የብረት በር ተከፈተና አንዲት ሴት እየሮጠች ወጣች። ቁም እያለች እጇን አውለበለበችልኝ። በጩኸታችን የማይሰድበን አልነበረምና እሷም ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነዳሁት። በማግስቱም ወጣች። ያኔም ነዳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ዮናስ ላምበረት አካባቢ ስብሰባ ነበረው። አብሮኝ ጋቢና ተቀምጦ ወረቀቱን ያነባል። እዚያ ጠባብ መንገድ ስንደርስ ሰማያዊው በር ፊት ለፊት ድንኳን ተጥሏል። በለቅሶ ደጅ ድምፅ አይለቀቅም፤ ለማጥፋት እጄን ሰደድኩ። ድምፁ ቀደመኝ። “የግቢ በር ብቻ ነው” የሚለው ለቀስተኛው መሃል ገብቶ ሁሉም ዞሮ አየን።

ዮናስ ቀና አለና በሩን አየ።

“ያቁሙልኝ ጋሼ!”

መኪናው ሳይቆም ወረደ። “እማዬ! እማማ አስካለ!” እያለ እየጮኸ ገባ። አንድ ሽማግሌ “ደግሞ በለቅሶ ቅስቀሳ?” ሲሉ ሰማሁ። እንባውን ማን ይመነው? ፎቶው እኮ መኪናዬ ላይ ይስቃል። እኔም ለአፍታ ተጠራጥሬዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የሟች ልጅ ግን አወቀችው። ብትቆጣው ይሻል ነበር፤ አልተቆጣችም።

“ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር፣ ዮናስ። የድሮው ስልክህ አይሠራም። ድምፅህ በደጅ ሲመጣ ‘ልጄ መጣ፣ በሩን ክፈቱለት’ ትለኛለች። እከፍታለሁ። አንተ ታልፋለህ።”

“እኔ እኮ መኪናው ውስጥ አልነበርኩም” አለ። “የተቀዳ ነው… እኔ አልነበርኩም።” ይህንኑ እየደጋገመ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እጇን ታውለበልብልኝ የነበረችው ያቺው ሴት ናት። ወደ መኪናው ስታይ አንገቴን ደፋሁ።

ስብሰባው ቀረ። ማታ ወደ መኪናው ሲመለስ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ምርጫውንም አላሸነፈም። አሁንም በየበዓሉ እየደወለ “ጋሼ፣ ደህና ነዎት?” ይለኛል። ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ እማማ አስካለ ላይ ያርፋል። “ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠሩኝ ኖሮ!” ይላል። እኔ ሌላ ወሬ አነሳበታለሁ።

ልጄ፣ ጠርተውህ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጠርተውህ ነበር። ያላቆምኩት እኔ ነኝ።