ውባየሁ ለራሷ ያለቀሰች ለት

ከመንዝ ሞላሌ በላይ ባለው አገር፣ ውባየሁ ያላለቀሰችለት ሰው ሞተ አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው። አልቃሽ ናት። ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ደግነት ብቻ አትዘረዝርም፤ ከለቀስተኛውም አንዱን ወጋ ታደርጋለች። የተወጋውም አንገቱን ደፍቶ ከማልቀስ በቀር ምላሽ የለውም፤ ለቅሶ ላይ ለተባለ ቃል ክስም ቂምም የለም። ጋዜጣ በማይደርስበት አገር ጋዜጣው ይኸው ነበር።

የጓሳው ጠባቂ ሽማግሌ ወዳጆ የተቀበሩ ለት እንዲህ አለች፦

ወዳጆ ጠባቂው አንተ ብትተኛ፣
የሹሙ በግ ገባ ያለ ከልካይ ዳኛ።

ጓሳ የሚሉት የወል ሣር መሬት እስኪከፈት ድረስ ለግጦሽም ለሣር አጫጅም ዝግ ነው። ለድሃው ማለት ነው። የአንድ ሹም በጎች ግን ሲግጡበት ከርመዋል። ሹሙም እዚያው ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረው አለቀሱ። ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር፣ አንዱ በስልኩ ቀድቶ ባይለቀው። ግጥሙ ከመንዝ ወርዶ መርሐቤቴ ደረሰ።

ሳይውል ሳያድር የሹሙ ሕዝብ ግንኙነት አብነት ካሜራውን አንግቶ ደጇ ቆመ። ፊቱ ሐዘን ለብሷል። መሥሪያ ቤት ሲቆጣህ ታገሥ፤ ሲያዝንልህ ግን በጓሮ ሽሽ።

«እትዬ ውባየሁ፣ ስምዎን አጠፉት እኮ!»

«እነማን?»

«ያ ግጥም የእርስዎ አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ ኤአይ፣ ድምፅዎን አስመስሎ የሠራው ነው።»

«አለቃህ ፊት ለፊቴ ቆመው አልቅሰዋል።»

«እሳቸውም አላስታውስም ብለዋል።»

«እንዴ! ታዲያ ይኸ ማሽን በጎቹን የት አያቸው?»

አብነት ሳቅ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ ፊቱን መልሶ አጠቆረ። «‹የኔ አይደለም› ይበሉና ይገላገሉ። ማንም አይነካዎትም። አለዚያ ግን ስም ማጥፋት…» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው።

ውባየሁ እሺ ብትል ከቤቷ ታድራለች። ነገ ግን ያሻትን ብታለቅስ «ማሽን ነው» ይባላል። የታሰረ ሰው ስንቅ ይገባለታል፤ ቃሉ ማሽን ነው የተባለበትንስ ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?

«በል ክፈተው» አለችው። ካሜራው ሲበራ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች፦

ወይ ውባየሁ ሞተች፣ ምላሷን ቀሟት፤
በጉ ግን ደኅና ነው፣ ጓሳን ሲግጥባት።

ጎረቤቷ ሰርካለም ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ማነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ!»

ሰርካለም አንዴ ካሜራውን፣ አንዴ አብነትን አየችና ነገሩ ገባት። «ወይኔ እህቴን!» ብላ ተቀበለቻት። ደጁ በለቀስተኛ ሞላ። ለቅሶ ማቋረጥ ነውር ነውና አብነትም ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ካሜራውን መዝጋት ግን ረሳ፤ ወይም ረሳሁ አለ።

ብዙም ሳይቆይ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ውባየሁ ብቅ አለች። ነጠላው ያው፣ ግድግዳው ያው፣ ድምፁ ያው። «ከዚሁ ጋር በተያያዘ፣ ስማቸው ለጠፋው አመራራችን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ትላለች።

«በተያያዘ!» ሰርካለም ስልኩን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ‹በተያያዘ› የምትይው?»

ውባየሁ አልሳቀችም። «እኔን ቀብራችሁኛል። ይቺ ከቀብር በኋላ የመጣችው የማሽኑ ውባየሁ ናት።»

ደጇ ላይ የነበረ ሁሉ እውነቱን ያውቃል። መርሐቤቴ ያለው ግን ደጇ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ውባየሁ ለቅሶ ቤት ስትገባ፣ ከአስከሬኑ በፊት የምታየው የሰውን እጅ ነው። ስልክ የያዘ አንድ እጅ ካየች ሙሾ አታወርድም።

ሹሙም ይህን ሰምተው ነው መሰል፣ አሁን ለቅሶ ሲመጡ ስልካቸውን ከእጃቸው አይለዩም።