ከጀውሃ እስከ ሮቢት በቃሬዛ የሄዱ ዓሣዎች

የጀውሃዋ ጣይባ ወተት ነጋዴ ነበረች። ከቀወት ቆላ የምታመጣው ወተት ያ ሁሉ ሐሩር እያለ ሳይናጥና ሳይበላሽ ገበያ ስለሚደርስ ስሟ እስከ ካራቆሬ ይነሳል። ጣሊያን አገሩን ይዞ የመኪና መንገድ ሲያሠራ፣ ባሏን አደምን «ለሽፍቶች እህል አቀብለሃል» ብለው ያዙት። ሸዋ ሮቢት የእስረኞች ካምቦ አስገብተው ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር። ሽማግሌ ላከች፤ አልሰሟትም። ጣይባ ግን በአንድ እምቢታ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ወተቷን እየሸጠች፣ ካምቦውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እየጠየቀች ጊዜዋን ትጠብቅ ነበር።

ከደንበኞቿ አንዱ ጀውሃ የሰፈረው የጣሊያን ጦር ሐኪም ነው። ይህ ሰው በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለው። ገንዳው ውስጥ ከአሰብ በጭነት ካሚዮን የመጣ የባሕር ውሃና አሸዋ፣ የባሕር ድንጋይ፣ ቀለማቸው ዓይን የሚይዝ ዓሣዎች ነበሩ። ሐኪሙ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ፣ አገሩ ሲናፍቀው እነሱ ፊት ተቀምጦ ይውላል። ይህን ለጣይባ ያጫወታት አስተርጓሚው በላይ ነው። ውሃው አየር እንዲያገኝ በጣሳ እየቀዳ ከላይ መልሶ ማፍሰስም የበላይ ሥራ ነበር።

በክረምቱ የጀውሃ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ወዲያው የጦሩ ሰፈር በሙሉ ወደ ሮቢት እንዲዛወር ትእዛዝ መጣ። ሰውና ከብት ጎርፉ ሲጎድል መሻገር ይችላል፤ ካሚዮን ግን አያልፍም። ጣይባ እንደልማዷ ወተት ይዛ ስትገባ ሐኪሙን ፊቱ ጠቁሮ አገኘችው። ዓሣዎቹን ትቷቸው ሊሄድ ነበር። ወንዙ ውስጥ እንዳይለቃቸው፣ ጨው የሌለው ውሃ ይገድላቸዋል።

ጣይባ ቅሏን መሬት አስቀመጠች። «ንገርልኝ» አለችው በላይን። «ዓሣዎቹን በሕይወት ሮቢት አደርስሎታለሁ። አንቱ ደግሞ ባሌን ያስለቅቁልኛል።»

በላይ ለመተርጎም ፈራ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከሐኪሙ ላይ አልነቀለችም። በመጨረሻ ነገረው። ሐኪሙ እስረኛ የመፍታት ሥልጣን የለውም፤ በሽተኛን ከድንጋይ ሥራ አውጥቶ ወደ ቤቱ የመስደድ ሥልጣን ግን አለው። አደምን ደግሞ ወባ እየጣለው እንደሆነ የካምቦውን በሽተኞች ሲያይ ራሱ አውቋል። ዓሣዎቹ አዲሱ ቦታቸው ገብተው ምግብ ሲበሉ ባየ ቀን አደምን እንደሚሸኘው ቃሉን ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሥራውን ተካፈሉት። እሷ እንደ ወተት እንስራውን እስካፉ ልትሞላ ስትል እሱ ከለከላት፤ ዓሣም አየር ይፈልጋልና ግማሹ ባዶ መሆን አለበት። ግማሽ እንስራ ውሃ በመንገድ እየተላጋ ዓሣውን ከግድግዳው እንደሚያላትም የምታውቀው ደግሞ እሷ ናት። ቅል ለሁለት ከፍላ፣ አጥባ አደረቀችና በየእንስራው ውሃ ላይ አንሳፈፈችው። እንስራውን ብታወዛውዘው ማዕበሉ ተኛ። ሐኪሙ እንደ ልጅ ሳቀ። የወተት ዕቃዎቿን ጭስና ቅባት ስላለባቸው አላስነካችም፤ ከጎረቤት የውሃ እንስራ ሰበሰበች። እሱ ውሃቸውን እንዳያቆሽሹ ከጉዞው በፊት ዓሣዎቹን አጾማቸው። አንዱ ቢሞት ሌላውን እንዳይበክል እያንዳንዱን ለብቻው ከተቱት።

ሐኪሙ ቦታ ሊያዘጋጅ ቀድሞ ሄደ። ጣይባ የአደምን ዘመዶች ጠርታ ገንዳውን በፍራሽ ጠቅልላ በአንድ ቃሬዛ፣ እንስራዎቹን በሌሎች አስያዘቻቸው። ግመለኛው ጋሼ ጀይላን የባሕር ውሃውን በበርሜል፣ አሸዋውን በዚያው ውሃ እንደራሰ በጆንያ ጫነ። ጎህ ሲቀድ ቢስሚላሂ ብለው ተነሡ።

ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል። መሐል ላይ አንዱ ተሸካሚ ወደቀና አንድ እንስራ ተሰበረ። ውስጡ የነበረው ሰማያዊ ዓሣ በደፈረሰው ውሃ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሰውየው ደነገጠ። ጣይባ እጁን ይዛ አነሳችው፤ እሱ ራሱ መትረፉን አይታ ጉዞው እንዲቀጥል አዘዘች። ልቧ ግን ደንግጧል። ሐኪሙ ይህን ቆጥሮ ቃሉን ያጥፍ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ፀሐይ ሲበረታ ግራር ጥላ ሥር አረፉ። እንስራዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች፤ በላይ እንዳሳያት በጣሳ እየቀዳች ከላይ አፈሰሰች። ሮቢት ሊደርሱ ሲቃረቡ አንድ ባንዳ መንገድ ዘግቶ እንስራዎቹ ውስጥ ጥይት እንዳለ ጠረጠረ። ቅሉን አንስቶ እጁን ሊከት ሲል ጣይባ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ክተት፤ የምደብቀው የለኝም» አለችው። «የዓሣው እሾህ ግን መርዝ ነው። የወጋው ሰው ሲጮህ ይውላል ብሎኛል ሐኪሙ።»

ባንዳው አጎንብሶ አየ። ክንፉን እንደ ላባ የዘረጋ፣ ዥንጉርጉር ዓሣ ከውስጥ ቀና ብሎ አየው። እጁን ሰብስቦ አሳለፋቸው። ጋሼ ጀይላን እስኪርቁ ድረስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቆየ።

ሮቢት ሲገቡ ሐኪሙ ገንዳውን ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ አስቀመጠ። አሸዋና ድንጋዩ ገቡ፤ ውሃው ተጨመረ፤ ድፍርሱ እስኪጠራ ተጠበቀ። ጣይባ ዓሣዎቹ በቶሎ ገብተው እንዲያልቅላት ቸኩላ ነበር። እሱ ግን ከገንዳው ጥቂት ጥቂት እየቀዳ በየእንስራው ጨመረ፤ ዓሣዎቹ አዲሱን ውሃ ሳይለምዱ ድንገት ከገቡ ይሞታሉ። እሷም ጣሳ አንስታ አገዘችው። በመጨረሻ አንድ በአንድ ገቡ፤ የጎደለውን ሰማያዊ እሷው ነገረችው። አዘነ፤ ቂም ግን አልያዘም።

አስቸጋሪው ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር። ዓሣዎቹ ድንጋይ ሥር ተደብቀው አልበላ አሉ። ጣይባ ዘመድ ቤት አርፋ በየጠዋቱ ትመጣለች። በላይ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ እሷ «አዲስ ቤት የገባ ከብትም መጀመሪያ አይበላም» እያለች ታጽናናዋለች። አንድ ማለዳ አንዲት ቢጫ ዓሣ ከድንጋዩ ወጥታ የተጣለላትን ሥጋ ቀለበች። ሌላዋም ተከተለች። ሐኪሙ ወደ ጣይባ ዞሮ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ፤ ኮፍያውን አድርጎ ወደ ካምቦው ሄደ።

አደም በሩ ላይ ብቅ ሲል በመጀመሪያ አላወቀችውም፤ ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ ነበር። የያዘውን ጆንያ ተቀበለችው።

«ምን ሰጥተሻቸው ነው?» አላት።

«ዓሣ አደረስኩላቸው» አለች። «ና፣ በመንገድ እነግርሃለሁ።»

ሐኪሙ እዚያው ተቀጥራ ገንዳውን እንድትጠብቅለት በበላይ በኩል ጠይቋት ነበር። አመሰገነችውና አልተቀበለችም። ባልና ሚስቱ ከመኪናው መንገድ ርቀው ቀወት ቆላ ውስጥ፣ ዘመዶቿ ማሽላ ከሚዘሩበት ገቡ። አደም ወባው እስኪለቀው ወራት ፈጀበት፤ መኸሩ ሲደርስ ግን ወፍ የሚጠብቀው እሱ ሆነ፤ ጣይባም ወደ ወተቷ ተመለሰች።