ይርጋ ወደ አውድማ የወጣበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ቀበሌያችን ስብሰባ ጠርቶን ነበር። የአዳራሹን ቆርቆሮ ዝናብ ስለሚደበድበው፣ ከኋላ ለተቀመጥነው ግማሹ ንግግር አልተሰማንም። መድረክ ላይ የቆመው ወጣት ባለሙያ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከእንግዲህ የአእምሮ ሕመምተኞች፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ከቤታቸውና ከሰፈራቸው ሳይርቁ የሚረዱበት አሠራር እንደታሰበ አስረዳን። «ማኅበረሰብ አቀፍ አገልግሎት» አለው። አጠገቤ የነበሩት ጡረተኛ መምህር ጎንበስ ብለው፣ ማኅበረሰቡ የራሱን ኑሮ መቼ ቻለና ነው አሉኝ። እኔ ግን ልቤ ድብ ባሕር ሄዶ ነበር።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነርስ ነበርኩ። የአእምሮ ሕክምና ተምሬ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ ነው። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የጭነት መኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ስወርድ ደመናው ከእግሬ በታች ነበር። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ልጅ፣ ደመናን ከላይ ሆኜ ሳየው ዓለም የተገለበጠች መሰለኝ።

የይርጋን ነገር የሰማሁት በአንድ የገበያ ቀን ነው። እናቱ ወይዘሮ አለምነሽ ለወገባቸው ሕመም ታክመው ከወጡ በኋላ ከበሩ ተመለሱና፣ ለታሰረ ሰውም መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። እስረኛ መስሎኝ የት እንደታሰረ ጠየቅኋቸው።

«ከቤቴ ነው። ያሰርኩትም እኔው ነኝ» አሉ።

አብሬያቸው ሄድኩ። ይርጋ ከጎታው ጎን፣ እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ታስሮ ተቀምጧል። ሕመሙ የጀመረው በጉርምስናው ነው፤ ማንም የማይሰማው ድምፅ ይጠራው ነበር። ጠበል ወስደውት ለጊዜው ረገብ ብሎለት ነበር። ኋላ ግን አገረሸበትና በመኸር ሰሞን የጎረቤታቸውን የአያ ፈንታን የጤፍ ክምር አቃጠለ። የዓመት ቀለብ ነው የነደደው። አያ ፈንታ ያን ክረምት ልጆቻቸውን ከዘመድ ተበድረው አበሉ። ወይዘሮ አለምነሽም ሌላ ሰው እንዳይጎዳ፣ እሱም ገደል እንዳይገባ ብለው ልጃቸውን አሰሩት። ጨክነው አልነበረም። ብረቱ እግሩን እንዳይልጠው ከሥሩ ጨርቅ ይጠቀልሉለት ነበር፤ ጨርቁም ሁልጊዜ የታጠበ ነው።

ሕክምናውን ጀመርንለት። በመጀመሪያ እንቅልፉ ተመለሰ። ቀጥሎ ወጡ ጨው አነሰው ብሎ እናቱን ይወቅስ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን መርፌውን ይዤ ስገባ ቀና ብሎ፣ «ሐኪም፣ ዝናቡ አቆመ ወይ?» አለኝ። እናቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሰንሰለቱን ለመፍታት ግን የደፈረ የለም። እናቱ ፈሩ፤ እኔም ፈራሁ። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ የተጎዱት አያ ፈንታ ናቸውና እሳቸው ካልተስማሙ አይሆንም አሉ። ተልኮባቸው በማግስቱ ጠዋት መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ይርጋ ፊት ቁጢጥ ብለው ብዙ አዩት።

ይርጋ አንገቱን ደፍቶ፣ «አያ ፈንታ፣ ክምርዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አሉ» አለ።

እሳቸው ስለ ክምሩ አላነሱም። «አውድማ ላይ ሰው አንሶኛል። ትመጣለህ ወይ?» አሉት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረው ቁልፉን ጠየቁ።

ይርጋ ተነሳ። ብረቱ ወልቋል፤ እግሩ ግን አላመነም። ሰንሰለቱ ይፈቅድለት የነበረውን ያህል ብቻ እያነሳ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደጁን ተሻገረ። እናቱ ከጎኑ ሆነው እርምጃቸውን እንደሱ አሳጠሩ። ያ ረጅም ሰውዬ፣ አያ ፈንታም፣ እንደዚያው አሳጥረው ተራመዱ። አውድማው ቅርብ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ግን ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። አየሩ የደረቀ ገለባ ይሸታል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ጠላው ከጥላ ሥር ተቀምጧል። ይርጋን ሲያዩ ወንዶቹ ሥራ አቆሙ። አያ ፈንታ መንሽ አነሱ፤ መንሽ ገለባ የሚገለበጥበት፣ ጥርሱ የሾለ ረጅም እንጨት ነው። ያንን ለይርጋ ሰጡትና ጀርባቸውን አዙረው በሬዎቹን ይነዱ ጀመር። አንድም ጊዜ ዞር ብለው አላዩትም።

ይርጋ መንሹን አገላብጦ ተመለከተው። ጎንበስ አለ፤ ገለባውን ዝቆ ወደ ላይ በተነው። ነፋሱ ወሰደው። ደግሞ በተነ። ወርቅ የመሰለ ብናኝ በላያችን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ እሱን ያያል። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የቤተ መንግሥቱን ግንብ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ የዚያን ዕለት ያህል ግን በሰው ልጅ ተደንቄ አላውቅም።

ምሳ ላይ ቆሎ ሲቆረጥሙ አያ ፈንታን ጀርባቸውን ለመስጠት እንዴት እንደደፈሩ ጠየቅኋቸው።

«ፈርቻለሁ እንጂ» አሉኝ። «ግና ዞር ዞር ብዬ እያየሁ እየጠበቅሁት ምኑን ተፈታ?»

ሁሉም በዚያው ቀና አልሆነም። በሚቀጥለው ክረምት መንገዱ በናዳ ተዘጋ፤ መድኃኒት አለቀ፤ ይርጋም ታመመ። ሌት ተቀን ይጮኽ ነበር። ጎረቤቱ ግን ሰንሰለቱን አላነሳም። ወንዶቹ በተራ አብረውት ተቀመጡ፣ ሲወጣ ተከትለውት ወጡ፣ ሴቶቹ እህል አመላለሱ። መንገዱ ሲከፈት ጎንደር አምጥተን አሳከምነው። ከዚያ ወዲህ እኔ እስክዛወር ድረስ ለመርፌው አስታዋሽ ሳይፈልግ ይመጣ ነበር። ትዳርም ያዘ፤ ሠርጉ ላይ ሚዜዎቹ ከክረምቱ ጠባቂዎቹ መካከል ነበሩ።

በስብሰባው ማብቂያ ወጣቱ ባለሙያ አስተያየት ያለው ካለ ጠየቀ። ይህን ሁሉ በዚያ ዝናብ መናገር አልሆነልኝም። ተነሥቼ፣ መድኃኒቱ በክረምት እንዳይቋረጥ አደራ ብዬ ተቀመጥኩ። ዋናው ነገር አልተነገረም፤ እንዴት ብሎ በዕቅድ እንደሚጻፍም አላውቅም።

ቤት ስደርስ ታላቅ እኅቴ ከአልጋዋ የለችም። እሷ እርጅና ትውስታዋን እየወሰደባት፣ እኔንም አንዳንዴ እናቴ ትለኛለች። ደንግጬ ወጣሁ። ከማዶ፣ ከባለሱቋ ከወይዘሮ የሺ ታዛ ሥር አገኘኋት። ወይዘሮ የሺ ነጭ ሽንኩርት ሰጥታት አብረው ይልጣሉ። ዝናቡ ሳይጥል እኅቴ ብቻዋን ስትወጣ አይታ እንደጠራቻት ነገረችኝ። «ሥራ አግዛኛለች፤ አትውሰጃት ገና» አለችኝ።

እኔም ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።