ጋራው ቆሟል ወይ?

በዚያ ክረምት ከከተማችን ማዶ ያለው ጋራ ተንሸራትቶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲውጥ፣ የተረፉት ሰዎች እኔ በማስተምርበት የመንዝ ትምህርት ቤት ተጠለሉ። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ሰሌን አነጠፍንላቸው።

ከመካከላቸው ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ትልቋ አሥራ ሁለት፣ ትንሿ ስድስት ዓመቷ። እናታቸው እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አባት ቀድሞውንም የላቸውም። ትልቋ የታናሿን ፀጉር ትሠራለች፣ እርዳታ ሲታደል ትሰለፋለች፤ ስታለቅስ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ጠንካራ ልጅ ናት እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በረዶ ወረደ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲያጓራ ልጆቹ የሚናድባቸው መስሏቸው እየጮኹ ወደ ሜዳው ፈሰሱ። ተከትያቸው ወጣሁ። ትልቋ እየዞረች የእያንዳንዱን ልጅ ፊት ታያለች።

«ቲቸር፣ እህቴ የለችም!»

በየክፍሉ ሮጥን። በመጨረሻ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አገኘናት፤ ካዘመመ የድንጋይ ግንብ ሥር ተለጥፋ ተቀምጣለች። ጎርፉ የግንቡን መሠረት እየሸረሸረ ይወርዳል።

«ነይ ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። ይባስ ተሸጎጠች። ልገባ ስል ትልቋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ከጮሁባት አትወጣም» አለችኝ። በረዶው እየወረደባት ቁጢጥ አለችና እህቷን ጠየቀቻት፦ «ምን ሰማሽ?»

«ጋራው መጣ።»

«እስቲ እይው።»

ትንሿ አንገቷን አውጥታ ወደ ማዶ አየች። ያኔ ከግንቡ አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ አጠገቧ ወደቀ። ትልቋ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ጋራው ቆሟል ወይ?»

«ቆሟል።»

«እንግዲያው ነይ፣ እጄን ያዥ።»

መጣች።

ትንሿን ክፍል ውስጥ በጋቢዬ ጠቅልዬ ካስቀመጥኩ በኋላ ዞር ስል ትልቋ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አልኳት።

«እኔም እፈራለሁ» አለች። «እኔን ግን ማንም አይጠይቀኝም።»

አፈርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ጋራው ስለተናደበት ቀን ጠየቅኳት። ስለ እናቷ ጩኸት፣ በእጇ ስለቆፈረችው አፈር ነገረችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች።

እናትየዋ በጥቅምት በምርኩዝ ተመለሰች። ይኸው አራት ዓመታቸው፣ ከከተማው ዳር በተሰጣቸው ቦታ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ትንሿ ዘንድሮ የእኔ ተማሪ ናት፤ ዝናብ ሲበረታ ሳታስፈቅደኝ ትወጣለች፣ በረንዳው ላይ ወደ ጋራው እያየች ጥቂት ትቆማለች፣ ተመልሳ ገብታም ጽሕፈቷን ትቀጥላለች። አልቆጣትም።