የተረፈችው አሞክሳሲሊን

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

ባክቴሪያ የምታጠናው የጓደኛዬ ልጅ ሰላም ሥራዋን እያሳየችኝ ነበር። አንደኛው ሳህን ላይ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ጠርጎታል፤ ሌላኛው ላይ ግን ባክቴሪያው ምንም አልመሰለው።

«ይኼኛው ምነው?»

«ለጥናት ብዬ ጥቂት ጥቂት እያቀመስኩ መድኃኒቱን አለማመድኩት።»

ስልኬ ጮኸ። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤቴ አልማዝ ናት። ስልኬ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ወሬ አይደብቅም፤ ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

«እትዬ፣ ልጄን ጉሮሮውን አመመው። ያቺ የተረፈችዎት አሞክሳሲሊን አለች? ሁለት ፍሬ ይበቃዋል ብለውኝ አልነበር?»

ሰላም አየችኝ። «እኔ በር ቆልፌ የምሠራውን እርስዎ ሰፈር ውስጥ ይሠሩታል እንዴ?»

«አልሜ፣ አልሰጥሽም፤ ተሳስቼ ነው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «ጠብቂኝ፣ አብረን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን።»

ይኸው ወረፋ ላይ ነን። ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ ያተኩሰዋል።

እናንተስ? በደግነት ያካፈላችሁት ነገር አሳፍሯችሁ ያውቃል?