ጰራቅሊጦስ እና ያልወጣው ድንኳን

ጰራቅሊጦስ ለእኛ የቀን ስም ነበር። ሸዋ ሮቢት ባደግሁበት ቤት ከትንሣኤ በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውለው እሑድ በዚህ ስም ይጠራል። በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ በዚያ ቀን ዶሮ ይታረዳል። ቃሉ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል አስቤ አላውቅም። ትርጉሙን የጠየቀችኝ ታላቅ እህቴ ናት። የጠየቀችኝም ባሏ ከጠፋ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ጰራቅሊጦስ ነው።

ባሏ የጠፋው የሰሜኑ ጦርነት ከተማው በደረሰበት ሳምንት ነው። እሷ ከጎረቤቶቿ ጋር በጭነት መኪና ተሳፍራ በጣርማ በር በኩል ወደ ደጋው ወጣች። እሱ ግን ሽንኩርቱ ከማሳ አልተነሳም፣ ከብቶቹም ጠባቂ የላቸውም ብሎ ቀረ። ነገ እደርስባችኋለሁ ብሏት ነበር። ስትመለስ የቤቱ በር ክፍት ነው። ከብቶቹ የሉም፣ ሽንኩርቱ ማሳው ላይ በስብሷል፣ እሱም የለም። ሬሳ አልተገኘም።

በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታው ጰራቅሊጦስ ማለት አጽናኝ ማለት ነው ብለው አስተማሩ። ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ፣ አጽናኝ ማለት ምን የሚያደርግ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኋት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያላጣራሁትን አልናገርም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የጥንቱን ግሪክኛ የሚያስተምሩ አንድ የማውቃቸው መምህር ዘንድ ሄድኩ። ቃሉ ከሁለት የተሠራ ነው አሉኝ፦ አንዱ «ከጎን» ማለት ነው፣ ሌላው «የተጠራ»። በጥንት ዘመን አንድ ሰው ተከሶ ችሎት ፊት ሲቆም፣ ና አጠገቤ ቁምልኝ ብሎ የሚጠራው ወዳጁ በዚህ ስም ይታወቅ ነበር። በአዲስ ኪዳን ውስጥ አምስት ጊዜ ይገኛል። አራቱ በዮሐንስ ወንጌል ስለ መንፈስ ቅዱስ የተነገሩ ሲሆኑ፣ የእኛ የአማርኛው መጽሐፍ አጽናኝ ይላቸዋል። አምስተኛው በዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ስለ ክርስቶስ የተነገረ ነው፤ እዚያ ላይ ያው ቃል ጠበቃ ተብሏል። የግእዙ ሰዎች ደግሞ ሳይተረጉሙ እንዳለ ተዉት። ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው አንድ ቃል አልበቃ ብሏቸው ይሆናል አሉ። ይህንንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ ከጎኑም «ግምት» ብዬ ምልክት አደረግሁበት።

ስልክ ደውዬ ለእህቴ አነበብኩላት። እስክጨርስ አዳመጠች።

«ሳይጠሩት አይመጣም ማለት ነዋ» አለች። ቆይታም፣ «ታዲያ እኔ በምን ልጥራ?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሰው የሚጠራው በድንኳን ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል። ሰዉም እየመጣ አጠገብ ይቀመጣል። ብዙ መናገር አይጠበቅበትም፤ እግዜር ያጥናሽ ብሎ መቀመጡ ይበቃል። ለእህቴ ግን ጥሩምባ አልተነፋም። ባሏ መሞቱ ላልተረጋገጠ ሴት እግዜር ያጥናሽ ማለት ደግሞ ሟርት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ አይዞሽ፣ ይመጣል ይላትና እርምጃውን ያፈጥናል። «ይመጣል ይሉኛል» አለችኝ አንድ ቀን፣ «እነሱ ግን አይመጡም።»

ከዚያ ወዲያ የሰው ለቅሶ መሄድ ጀመረች። የምታውቀውም የማታውቀውም ሲሞት ትሄዳለች። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሐዘን ቤት ትሄዳለች፤ ሙስሊም ጎረቤቶቿ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ ሲባባሉ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። በሰው ድንኳን ውስጥ ማልቀስ አይከለከልም። ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። ከጥሩምባ ነፊው በፊት እሷ ትሰማለች ይሉ ጀመር። አንዷ የገበያ ጓደኛዋ ሰው ፊት፣ «ቤትሽን አከራይተሽ ድንኳን ገባሽ እንዴ?» አለቻት አሉ። እህቴ ስቃ አለፈች።

በሁለተኛው ዓመት የእድሩ ዳኛ አስጠሩኝ። ሱቃቸው በር ላይ በወንበር ተቀምጠው ሙቀቱን በካርቶን ያራግባሉ። እድሩ ሬሳ ካላየሁ አይልም አሉኝ። ሞቱን አውቃለሁ የሚል አንድ የታመነ ሰው ከተገኘ ድንኳኑ ይወጣል፣ የንስሐ አባቷም በዚያው ቃል ፍትሐት ለማድረስ ፈቅደዋል።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ» አሉኝ። «ያንተን ቃል እዚህ የሚጠራጠር የለም። ሞቷል በል፣ ነገ ድንኳኑ ይተከላል።»

በእጄ ያለው፣ ለእህቴም የነገርኳት፣ የአንድ ሰው ቃል ነበር። ከእኛ በስተሰሜን ካራቆሬ ላይ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚነግድ ሙስሊም ወጣት ነው። በዚያ ሳምንት ሲሸሽ ከሸዋ ሮቢት መውጫ፣ ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አይቷል። የእህቴ ባል ማሳ ሲወርድ ሰማያዊ ቱታ ይለብስ ነበር። ሰማያዊ ቱታ የሚለብስ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ነጋዴው ፊቱን አላየም። በጀማሪነቴ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ተነሥቼ፣ መኪና የተገለበጠበትን አንድ ገበሬ ሞተ ብዬ ዘግቤ አውቃለሁ። ሰውዬው በሦስተኛው ቀን የገዛ ለቅሶው ላይ በእግሩ መጥቶ ደረሰ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ለዳኛው ያለኝን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አልሞተም አላልኩም፤ አላውቅም ነው ያልኩት።

«ይሄ እኮ ዜና አይደለም፣ ለቅሶ ነው» አሉኝ።

«አላየሁም ጋሼ።»

ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

በሦስተኛው ዓመት ለጰራቅሊጦስ ስሄድ እህቴ ዶሮ አላረደችም። በዋዜማው፣ ሂድና ያንን የካራቆሬ ልጅ እንደገና ጠይቀው አለችኝ። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ካራቆሬ ሄድኩ። ነጋዴው አልረሳኝም፤ የማሾ ጆንያ አነጥፎ አስቀመጠኝ። ያየውን በድጋሚ አስተረክሁት። ቃሉ ከፊተኛው ዝንፍ አላለም፦ ዛፉ፣ ቱታው፣ በግንባሩ መደፋቱ። ፊቱን አላየም። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

«ጋሼ፣ እህትዎ ያልቅሱ» አለኝ። «ከፈለጉ መጥቼ ፊቱን አየሁ ብዬ እምልላቸዋለሁ።»

«አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እንዴት ትምላለህ?»

«ለሳቸው ብዬ ነዋ። አላህ ይቅር ይለኛል።»

አመሰገንኩትና ማስታወሻዬን ዘጋሁ። አያስፈልግም አልኩት። በመልስ መንገድ ላይ የማያውቃት ሴት ጠርታው ሊቆምላት መፍቀዱን አሰብኩ። ያም ሆኖ ምስክርነቱ ምስክርነት አልነበረም።

ለእህቴ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ እምላለሁ ማለቱንም ነገርኳት። በሩ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እጇ አላቆመም።

«አይ አልከው?»

«ሐሰት ነው እትዬ።»

«ይመጣል ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ?»

ደግማ አልጠየቀችኝም። የተላጠውን ሽንኩርት ወደ ውስጥ አስገባች።

ከሰዓት በኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት አርፈው ነበር። እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከሟች ልጆች ይልቅ እሷ አለቀሰች። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ጎረቤቷን ለሟች ምናቸው ናት ብላ ጠየቀቻት። «ምናቸውም አይደለች» አለቻት፤ «ልማዷ ነው።»

ለቀስተኛው ሊበተን ሲል ተሰልፎ የሟችን ቤተሰብ ይሰናበት ጀመር። ልጆቹ፣ እህቶቻቸውና የልጅ ልጆቹ በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። በጫፉ ላይ እህቴ ተቀምጣለች፤ መቼ እንደሄደች አላየሁም። ሰልፈኛው ጎንበስ እያለ እግዜር ያጥናችሁ ይላል፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቀና ይልና ያልፋል። ከፊቴ የነበረው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ማን መሆኗን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው።

ተራዬ ደረሰ። ፊቷ ቆምኩ። እግዜር ያጥናሽ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፣ አልወጣም። ቀና ብላ አየችኝና ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰልፉ ማለፉን ቀጠለ። ሁለታችንንም እግዜር ያጥናችሁ ያለን ሰው አልነበረም።