ሲጨምሩለት የሚቀንሰው ዳዮድ

ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ ኮሌጅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፑን ቁልፍ ሰጡኝና ተማሪዎቹ ጨዋ ስለሆኑ እንደማያስቸግሩኝ ነገሩኝ። ጨዋነታቸው ያስቸግረኛል ብዬ አላሰብኩም።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። እዚህ አገር ታላቅን «ተሳስተዋል» ማለት የለም፤ «እርስዎ ካሉማ» ነው። ይህን ስሰማ ጎበዝ መምህርት የሆንኩ መስሎኝ ከረምኩ።

ከዚያ ወርክሾፑ ተዘግቶ የወንበር መጋዘን ሊሆን ነው ተባለ። የሚወስኑት ገምጋሚ ካልወደዱት፣ ልጆቹ መለኪያ ሳይነኩ ሊመረቁ ነው።

ለገምጋሚው እንዲታይ ብዬ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ወዳጄ የሰጠችኝን ሬዞናንት ተነሊንግ ዳዮድ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አወጣሁ። በውስጡ ሁለት ስስ ግድግዳዎች፣ በመካከላቸውም ጠባብ ክፍል አለ። ኤሌክትሮኑ ግድግዳውን አይዘልም፤ ጉልበቱ ከክፍሉ የጉልበት ደረጃ ጋር ሲገጥም ሰንጥቆ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ፍሰቱ መጀመሪያ ከቮልቴጁ ጋር ይወጣል፤ ቮልቴጁን ከዚያ በላይ ሲጨምሩት ግን ደረጃው ይዛነፍና ፍሰቱ ይቀንሳል። ተማሪዎቹ ይህንን ለክተው በግራፍ እንዲያሳዩ አዘዝኩ፤ ውጤቱን ግን ራሳቸው ይዩት ብዬ አልነገርኳቸውም።

ገምጋሚውን ከበር ተቀብዬ ስገባ ግራፉ ተለጥፏል። መስመሩ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። እሳቸውም ንጹሕ ሥራ ነው ብለው አመሰገኑ፤ ለመፈረም ብዕር አወጡ።

ሁዳዴ ነበር። ሥጋ ትቼ ሐሰት መዋጥ አልሆነልኝም። መስመሩ ልክ አለመሆኑን፣ መሐል ላይ መውረድ እንደነበረበት ተናገርኩ። ግራፉን የሣለችውን ተማሪዬን፣ የቡሬዋን ትርንጎን ስጠይቃት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ወርዶስ ነበር፣ መምህር። የእርስዎን ዕቃ በእንግዳ ፊት እንዴት ደከመ እንበል?»

ዳዮዱን እንደገና አገናኘሁት። የቮልቴጁን ማዞሪያ ሳዞር የፍሰቱ መርፌ ወጣ፤ ትንሽ ስጨምር ተመልሶ ወረደ። ለገምጋሚው ሁለት ጊዜ አስረዳሁ። በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«አይዞዎት፣ እመቤቴ» አሉ። «ዕቃ ያረጃል።»

በዚህ አሮጌ ዕቃ ይህን ያህል የሚደክም ወርክሾፕ መዘጋት የለበትም፣ አዲስ ዕቃም ይሰጠው ብለው ፈረሙ። ልጆቹ መለኪያቸውን አላጡም። እኔ እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ገምጋሚው የሰሙት የራሳቸው ነው። ኋላም አንድ ካርቶን ተራ ዳዮድ ደረሰን። ሁሉም ታዛዥ ነው፤ ሲጨምሩለት ይጨምራል።

ለአዲስ መምህራን የምለው አንድ ነው። ተማሪው መለኪያ ከማንሣቱ በፊት፣ ያየውን ቢጽፍ እንደማትቀየሙት ንገሩት። ካልነገራችሁት የሚለካው እናንተን ነው።